በጡት ካንሰር ሕክምና ወቅት ምግብና ክብደት

ካንሰር ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የከሳና የገረጣ ሰው ነው። ለጉሮሮ፣ ለጨጓራና ለቆሽት ካንሰር ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በጡት ካንሰር ግን ነገሩ ይለያል። በሽታው ሳይሰራጭ ተደርሶበት ኬሞ የምትወስድ ሴት ሕክምናውን ስትጨርስ ክብደቷ ጨምሮ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ሐኪሞችም ይህን ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲመዘግቡት ኖረዋል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ማስመለስን ለመከላከል ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ማቅለሽለሹ ሲያስቸግር ዳቦ ወይም ብስኩት መቆርጠም ያስታግሳልና ቀኑን ሙሉ አፍ ሥራ አይፈታም። ድካሙ አልጋ ላይ ያውላል። በወጣቶቹ ላይ ኬሞው የእንቁላል እጢን ስለሚጎዳ የወር አበባ ያለጊዜው ሊቆም ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚጨምረው ስብ ሆኖ ሳለ ጡንቻ መቅለጡ ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ቁጥሯ ያልተለወጠ ሴትም ጉልበቷ ከድቷት ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር ቤት ደግሞ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ጁስ፣ ለስላሳ፣ ማር ይዞ ይገባል። እናት ወይም እህት ቅቤና ስኳር የበዛበት አጥሚት ታቀርባለች፤ «ጠጪ እንጂ፣ ደምሽ ይተካ» ትላለች። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ደግሞም ስህተት የማይሆንበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ ከስተውና ደማቸው ወርዶ የሚመጡ አሉ፤ ለእነሱ ያ አጥሚት በትክክል የሚያስፈልጋቸው ነው። ችግሩ ለሁለቱም ዓይነት ታማሚ አንድ ዓይነት ምክር መሰጠቱ ወይም ጭራሽ ምክር አለመኖሩ ነው።

ክብደት ለምን ያሳስባል? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 82 ጥናቶችንና ከ213,000 በላይ ሴቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በሽታው ከመታወቁ በፊት ከመጠን በላይ ወፍረው የነበሩት የመሞት ዕድላቸው መደበኛ ክብደት ካላቸው በ41 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ክብደት መቀነስ ያንን ዕድል ይለውጣል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ 2,437 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት (2006) ከምግባቸው ስብ የቀነሱት ጥቂት ኪሎ ቀንሰው በሽታውም በመጠኑ ያነሰ ሲያገረሽባቸው አይቷል። በዓመቱ የወጣው፣ 3,088 ሴቶችን አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት ያስበላው ጥናት ግን ለውጥ አላገኘም፤ የእነዚህ ሴቶች ክብደትም አልቀነሰም ነበር። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ጎመን ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ነው።

ሕክምናው ላይ እያሉ ስለሚሰጥ ትምህርት ደግሞ በ2023 የታተመ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ከ173 ሴቶች ግማሽ ያህሉን የስነ ምግብ ባለሙያ በተከታታይ እየመከረ አካላዊ እንቅስቃሴም አስጀመራቸው። የታዘዘውን ኬሞ በመጨረስ በኩል ልዩነት አልታየም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ ከወሰዱት መካከል ግን እብጠቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ከተመከሩት 53 በመቶ፣ ካልተመከሩት 28 በመቶ ነበሩ። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት፤ ተስፋ ግን ይሰጣል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በ2022 መመሪያው በሕክምና ወቅት እንቅስቃሴን አጥብቆ ይመክራል፤ አንድን የተለየ አመጋገብ ለማዘዝ ግን ማስረጃው አልበቃም ይላል።

ወደ ማዕድ ስንመለስ ዋናው ፕሮቲን ነው። የአውሮፓ መመሪያ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይላል፤ ለ60 ኪሎ ሴት ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ይሰጣል። በጾም ወራትም ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በርከት ተደርገው ከተበሉ ይህን ማሟላት ይቻላል፤ ቁርስ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ግን ዴክሳሜታሶን ለሚወስድ ጨጓራ አይበጅም፤ የነፍስ አባትን ማማከር ይገባል። «መራብ ኬሞን ያጠነክራል» የሚለውም ወሬ ገና አልጸናም። በሆላንድ ተሞክሮ አብዛኞቹ ሴቶች ሊዘልቁበት አልቻሉም።

አፍ ሲቆስል በርበሬና ሚጥሚጣ ይቅር፤ አልጫ ይሁን። ከኬሞ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚወርድ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አደገኛ ናቸው፤ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። የቫይታሚን እንክብልም ሆነ የጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ዱቄት ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድ። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ኬሞ ላይ እያሉ አንቲኦክሲደንት፣ ቢ12 ወይም አይረን በወሰዱት ላይ በሽታው ይበልጥ ሲያገረሽ አይቷል።

ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን የጨረር ሕክምና ብቻውን ተሸክሞ ወደኖረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከክፍለ ሀገር የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ ዘመድ ቤት ታርፋለች፤ ምግቧ በሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለእሷ ብቻ ቢሰጥ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። የምታስታምሙ ሁሉ፣ በመጀመሪያው የኬሞ ቀጠሮ ምግብ የሚሠራው ሰው አብሮ ይግባ፤ ክብደቷ በየዙሩ ሲመዘን ቁጥሩን ጻፉ፤ «እሷ መጨመር ነው ወይስ መጠበቅ ያለባት?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።