ጉንፋን ለምን ይመላለስብናል?

«ዶክተር፣ ገና ሳይለቀኝ ደግሞ ያዘኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ ሰውነታችን አንዱን ቢለምድ ሌላው ይመጣል። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ቢያዙ አይግረማችሁ። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ መልኩን ስለሚቀያይር ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል።

ታክሲ ውስጥ ሰው እያስነጠሰ «ብርድ ይመታናል» ብሎ መስኮት መዝጋት ከቫይረሱ ጋር አብሮ መቆለፍ ነው። እባካችሁ ክፈቱት! እጃችሁንም በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ታጠቡ፤ ባልታጠበ እጅ ዓይንና አፍንጫ አትንኩ።

አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ አይገድልም። በየጉንፋኑ ከወሰዳችሁት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምድና የምር ሲያስፈልጋችሁ አይሠራም። ዝንጅብል በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ ቤት አትቆዩ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።