ከምን የተሠራ ነው?

ከሐይቅም ሆነ ከአምባሰል ገጠር ወደ ጥርስ ክፍል የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ንቀሉልኝ» ነው የሚለው። ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ድዱ ይደማል፣ ሲጫኑት መግል ይወጣዋል። አሁን አሁን ሌላ ጥያቄም ይመጣል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ አይቶ ለእናቱ ይነግራታል፤ እሷም «አጥንት ይበቅላል አሉ፤ እውነት ነው ልጄ?» ትለኛለች።

እውነት ነው፤ ለሁሉም ግን አይሆንም። ራጁ ላይ ጥርሱን የያዘው አጥንት ዙሪያውን እኩል ወርዶ ከታየ፣ ዛሬ ባለው ሕክምና ወደ ነበረበት የሚመልሰው የለም። ተስፋ ያለው አጥንቱ በጥርሱ አጠገብ ጠልቆ ተበልቶ በሁለት ወይም በሦስት ወገን ግድግዳው ሲተርፍ ነው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ የረጋውን ደም አቅፎ ያቆያል። ደግሞ የድዱ ሽፋን ከአጥንት ፈጥኖ ስለሚያድግ ቦታውን ከቀደመ አጥንት አይበቅልም። ስካፎልድ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ማቀፊያ ይህን ቦታ ያስከብራል፤ ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ አጥንትና የጥርስ ማሰሪያ የሚሠሩትን ሴሎች ይጠራሉ፣ ያባዛሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ጃፓን በ2016 ለዚሁ የተዘጋጁ ምርቶችን ፈቅደዋል። በ2015 ደግሞ በሦስት ገጽታ ማተሚያ ለአንድ ታካሚ ጉድጓድ ተለክቶ የተሠራ ማቀፊያ ይፋ ሆነ፤ ዓመት ያህል ደህና ቆይቶ ድዱ ተከፍቶ ስለታየ በመጨረሻ ወጣ። ማቀፊያው ድዱ ሥር ተሸፍኖ ካልቆየ ጥበቡ ብቻውን አያድነውም።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ዕቃው ከምን ተሠራ? በዓለም ብዙ ከተሠራባቸው አንዱ ኤምዶጌን የሚገኘው በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ ነው። ባዮ-ኦስ የከብት አጥንት ነው፤ ሌላው ሁሉ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይደግሳሉ፣ አብረው ያዝናሉ፤ ሥጋ ሲደርስ ግን ደጋሹ ለእንግዳው በእንግዳው ወገን ያሳርድለታል። አሳማን ሁለቱም አይቀምሱም። አንድ አዛውንት ስለ ከብቱ አጥንት ስነግራቸው «ማን ባረደው?» ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚበላውን እንዲህ አክብሮ የሚለይ ሰው፣ ድዱ ውስጥ የሚሰፋለትን ሳያውቅ ወንበሩ ላይ መተኛት የለበትም። ለሕክምና ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ከሸኹ ወይም ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከርበት። የእኔ ድርሻ መርፌውን ከማንሳቴ በፊት መንገር ነው፤ ፈቃድ የሚባለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ልቤ ወደ ታካሚው የራሱ ደም ያደላል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሹክሩንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳወቁት መንገድ ደሙ መርጋትን የሚከለክል ነገር በሌለበት ቱቦ ይቀዳና ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ደቂቃ፣ ሴንትሪፊውጅ የሚባል ማሽከርከሪያ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ከዘገየ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይበላሻል። ሲወጣ ቀዩ ከታች፣ ውኃው ከላይ፣ በመካከል ደግሞ እንደ እርጎ የረጋ ቢጫ ፋይብሪን ይገኛል። በውስጡ የተያዙት ፕሌትሌት የሚባሉ የደም ክፍሎች ግሮውዝ ፋክተራቸውን ከሳምንት በላይ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ማቀፊያውም ጠሪውም ከአንድ ክንድ ተገኙ ማለት ነው። ጉድጓዱን ከፍቶ ከማጽዳት ጋር ሲጨመር፣ ማጽዳት ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል። «የራስዎ ደም ነው» ስል የታካሚው ፊት ሲፈታ አያለሁ።

ይሁንና የጥርሱ ጠጠር ሳይጸዳ፣ ስኳር ሳይስተካከል፣ ሲጋራ ሳይቀር የሚደረግ ነገር ሁሉ ይባክናል። ስንቱ ጥርስ ድዱ መድማት በጀመረ ጊዜ በአንድ እጥበት ይተርፍ ነበር! ለገጠር ጥርስ ክፍል ምን ይገዛ ብባል የጠጠር ማጽጃውን አስቀድማለሁ። ሴንትሪፊውጁ ቀጥሎ ይምጣ።