የኢንዱስትሪ ዩፒኤስ መቆጣጠሪያዎችና የደኅንነት ክፍሎች፦ ተጠቃሚ ተቋማት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ዩፒኤስ መደበኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ በባትሪ የተከማቸውን ኃይል ወዲያውኑ ለመሣሪያዎች የሚያቀርብ ነው። በኮምፒውተር አጠገብ ከሚቀመጠው አነስተኛ ዩፒኤስ በተለየ መልኩ፣ የኢንዱስትሪው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፌዝ የሚሠራና በርካታ ባትሪዎች የተያያዙለት ነው። በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃና በሌሎች ክፍለ ከተሞች ለሚገኙ የጤና ተቋማትና ባንኮች፣ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ ጀነሬተር ተነሥቶ ኃይል እስኪሰጥ ድረስ ያለውን ክፍተት ለመሸፈን ያገለግላል።

መብራት ቢጠፋም አደጋው አይጠፋም

ተጠቃሚዎች በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባው፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ዩፒኤሱ ኃይል እንዳለው መሆኑን ነው። 32 ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 384 ቮልት የዲሲ ኃይል ይፈጥራሉ። ይህ መጠን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም በባትሪዎቹ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ አይለቅም። ከዩፒኤሱ የሚመገቡ ሶኬቶችም ኃይል እንዳላቸው ይቆያሉ። ስለሆነም እነዚህን ሶኬቶች በተለየ ቀለም ወይም ጽሑፍ መለየት ያስፈልጋል።

ዋና ዋና መቆጣጠሪያዎች

1. ማሳያ ሰሌዳ፦ የገቢ ኃይሉን ሁኔታ፣ የጭነቱን መጠንና የባትሪውን ቀሪ አቅም ያሳያል። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ ድምፁን ከማጥፋት በፊት በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን መልእክት ማንበብና መመዝገብ ይገባል።

2. አውቶማቲክ ባይፓስ፦ ጭነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ወይም ኢንቨርተሩ ሲበላሽ መሣሪያዎቹን በቀጥታ ወደ መደበኛው መስመር ያዛውራል።

3. የጥገና ባይፓስ፦ ባለሙያ ዩፒኤሱን በሚጠግንበት ጊዜ ሥራ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ የእጅ ማዞሪያ ነው። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ መሣሪያው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከአምራቹ መመሪያ ውጪ መንካት አይገባም። በዚህ ጊዜ መብራት ከጠፋ መሣሪያዎቹ አብረው እንደሚጠፉ ሊታወቅ ይገባል።

4. የአስቸኳይ ጊዜ ማጥፊያ፦ በመክደኛ የተሸፈነ ቀይ ቁልፍ ሲሆን፣ ከዩፒኤሱ የሚወጣውን ኃይል በአንድ ጊዜ ያቋርጣል። የሚያገለግለው ለእሳትና ሰው በኤሌክትሪክ ለተያዘበት አጋጣሚ እንጂ ለዕለታዊ ማጥፊያነት አይደለም። ቁልፉ ከተጫነ በኋላም ባትሪዎቹ ቮልቴጅ ይይዛሉ።

ከውጭ ያለውን ሠራተኛ የሚጠብቅ ክፍል

የኃይል ተመላሽ መከላከያ የባትሪው ኃይል በገቢ መስመሩ በኩል ወደ ውጭ እንዳይፈስ ይከለክላል። ይህ ክፍል ከሌለ ወይም ከተበላሸ፣ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ የሚጠግን ሠራተኛ ለሕይወት አስጊ አደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ በግዢ ወቅት መኖሩን፣ በጥገና ወቅትም በትክክል መሥራቱን ማረጋገጥ የተቋሙ ኃላፊነት ነው።

የባትሪ ክፍልና የቦታ ከፍታ

የሊድ አሲድ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። የጋዙ መጠን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ የመቀጣጠል አቅም ይኖረዋል። በመሆኑም ክፍሉ በቂ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ሊኖረው፣ እሳትና ሲጋራም ሊከለከልበት ይገባል። ለባትሪ ተስማሚው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀቱ ከዚህ በ10 ዲግሪ ያህል ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

አብዛኞቹ አምራቾች የመሣሪያውን ሙሉ አቅም የሚያረጋግጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ገዢ ተቋማት ዩፒኤሱ በሚተከልበት ከፍታ የሚኖረውን አቅም ከአቅራቢው በጽሑፍ እንዲጠይቁ ይመከራል።

ተከላና ጥገና

ተከላውም ሆነ ጥገናው የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ መከናወን አለበት። ባለሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ብሬከር ማጥፋት፣ በአምራቹ መመሪያ የተቀመጠውን ጊዜ መጠበቅና በመለኪያ መሣሪያ ኃይል አለመኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በመስመር በኩል ብልሽት ሲያጋጥም ደንበኞች በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ወይም በአቅራቢያቸው በሚገኝ የአገልግሎት ማዕከል ማሳወቅ ይችላሉ።