ሁለት ተፎካካሪዎችና የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ

የአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር በየቤቱ የሚሆነውን ያውቁታል። ባለቤትዎና ጓደኞቻቸው ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ለዚህኛው ዕጩ፣ ሌላው ለዚያኛው ጠበቃ ሆኖ ቡናው በረካ እስኪደርስ ይሟገታል። ባሕር ማዶ የሚፎካከሩት ሰዎች ግን የእኛ ቤት መኖሩንም አያውቁም። እኛ እናቶች ደግሞ ክርክሩን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ጓዳ ሆነን ነው።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ስለ ሁለት አሜሪካውያን ተፎካካሪዎች ላወጋዎት የተነሣሁት ወሬው የጓዳ ወሬ ስለሆነ ነው። ጠዋት ልጅዎን ተቀብላ፣ እርስዎን ወደ መሥሪያ ቤትዎ ወይም ወደ ፋብሪካዎ የምታሰናብተው ልጅ ምናልባት ከከሚሴ ወይም ከጨፋ ሮቢት የመጣች ትሆናለች። ደመወዟ ስንት ነው? የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? ብትታመምስ ማን ያሳክማታል? እነዚህን ጥያቄዎች ለጊዜው ይያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው በ1964 ዓ.ም. ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የማሰፍረው በእኛ አቆጣጠር ነው።) በአሜሪካ ትልልቆቹ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን ከመሰየማቸው በፊት የአንድ ፓርቲ ሰዎች እርስ በርሳቸው በየክፍለ ግዛቱ ይወዳደራሉ። በዚያ ዓመት በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ ከተሰለፉት ተወዳዳሪዎች መካከል የወይዘሮ ሸርሊ ቺዝምንና የሚስተር ጆርጅ ዋላስን ያህል የተራራቀ አልነበረም።

ወይዘሮ ሸርሊ በ1917 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አባታቸው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናታቸው ደግሞ ልብስ ሰፊና በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ነበሩ። ወላጆቻቸው ሥራና ልጅ ማሳደግ አልገጥም ቢላቸው ሕፃናቱን ባርቤዶስ ወደምትባለው ደሴት ወደ አያታቸው ላኳቸው። ልጇን ለእናቷ ልካ ከተማ የቀረች እናት ከመካከላችን ስንት አለች? ሸርሊ ከዚያ ተመልሰው ተማሩ፤ የሕፃናት መዋያ ኃላፊ ሆኑ። በ1961 ዓ.ም. ተመርጠው በአሜሪካ ኮንግረስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ለመሆን በቁ። ጥር 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብለው ተነሡ። ገንዘቡ ጥቂት፣ ድጋፉም ያነሰ ነበር። ከጥቁርነታቸው ይልቅ ሴትነታቸው ብዙ በር እንደዘጋባቸው እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

ሚስተር ዋላስ የአላባማ አገረ ገዥ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ ጥቁርና ነጭ ለዘላለም ተለያይተው ይኖራሉ ብለው በአደባባይ የፎከሩ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሁለት ጥቁር ተማሪዎች አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዳይመዘገቡ በር ላይ ቆመው ከልክለዋል። ከሁለቱ አንዷ ቪቪያን ማሎን የምትባል ወጣት ነበረች። በ1964ቱ ውድድር ይህ አቋማቸው አልጎዳቸውም፤ በመጋቢት ወር በፍሎሪዳ ከሁሉም ቀድመው አሸነፉ። ወይዘሮ ሸርሊ በዚያው ክፍለ ግዛት ያገኙት ድምፅ ጥቂት ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1964 ዓ.ም. ሚስተር ዋላስ ሜሪላንድ ውስጥ ከሕዝብ ጋር እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ አንድ ሰው ሽጉጥ ተኮሰባቸው። ሕይወታቸው ተረፈች፤ ነገር ግን ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ቀሩ። በማግስቱ በሜሪላንድና በሚሽጋን የተካሄደውን ውድድር አሸነፉ፤ እሳቸው ግን ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

ወይዘሮ ሸርሊ ታማሚውን ለመጠየቅ ሆስፒታል ሄዱ። ሚስተር ዋላስ ባዩዋቸው ጊዜ ደንግጠው፣ ሰዎችሽ ምን ይሉሻል ብለው ጠየቁ። የሚሉኝን አውቃለሁ፣ በእርስዎ የደረሰው ግን በማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም ብለው መለሱላቸው። ሰውየው አለቀሱ ይባላል።

እኛ አገር ጠላትም ቢሆን ሲታመም ይጠየቃል፤ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ሊመስለን ይችላል። ግን በቪቪያን ማሎን እናት ቦታ ሆነው ያስቡት። የወይዘሮ ሸርሊ ደጋፊዎች በጣም ተቆጡ። ከተቆጡት አንዷ በካሊፎርኒያ ለቅስቀሳው ትሠራ የነበረች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ተማሪ ባርባራ ሊ ነበረች። ይህች ተማሪ ከዚያ በፊት የመራጭነት ካርድ እንኳ አልነበራትም፤ ተመዝገቢ ብለው ያስመዘገቧት ወይዘሮ ሸርሊ ናቸው። ኋላ ለብዙ ዓመታት የኮንግረስ አባል ሆናለች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኦክላንድ ከተማ ከንቲባ ሆና ተመርጣለች። እኔም በጊዜው ብኖር ከተቆጡት ወገን የምሆን ይመስለኛል።

ውድድሩ በሐምሌ ወር ማያሚ ቢች ላይ ሲያበቃ ወይዘሮ ሸርሊ 152 የጉባኤ ድምፅ አገኙ። ሚስተር ዋላስም አልቀናቸውም። ዕጩ የሆኑት ሚስተር ማክገቨርን ጥቅምት 28 ቀን 1965 ዓ.ም. በሪቻርድ ኒክሰን ተሸነፉ። ወንዶቹ ቡና ላይ የሚያወሩት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የጓዳው ታሪክ ግን ገና መጀመሩ ነው።

አሜሪካ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ሕግ ያወጣችው በ1930 ዓ.ም. ነበር። ያ ሕግ የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን ወደ ጎን ትቶ ነበር። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሚሠሩት ደግሞ እርሻ ወይም የሰው ቤት ነበር። የወይዘሮ ሸርሊ እናትም በሰው ቤት ሠርተው ሲኖሩ ይህ ሕግ አያውቃቸውም። ልጅየው ኮንግረስ ከገቡ በኋላ የቤት ሠራተኞች በሕጉ እንዲካተቱ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ተሟገቱ። የሰው ጓዳ ውስጥ ሕግ ማስፈጸም አይቻልም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ረቂቅ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጳጉሜን 1965 ዓ.ም. አልፈርምም ብለው መለሱት።

ረቂቁ እንደገና ሲቀርብ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተወካዮች ድምፅ ያስፈልግ ነበር። እነዚህ ተወካዮች ወይዘሮ ሸርሊን አይሰሙም፤ ዋላስን ግን ይሰማሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት የትናንቱ ተፎካካሪ የደቡብ ወዳጆቻቸውን ለመኑላቸው። ሕጉ አለፈ፤ መጋቢት 30 ቀን 1966 ዓ.ም. ተፈረመ። የቤት ሠራተኛዋ በሰዓት 1 ዶላር ከ90 ሳንቲም ማግኘት መብቷ ሆነ። ሙሉ ነው አልልም። ሽማግሌና አሮጊት የሚጦሩ ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ቀርተዋል፤ አሠሪዋ ቤት የምታድረውም ለትርፍ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ አልተፈቀደላትም። ሚስተር ዋላስም በአንድ የሕመም ጥየቃ ጻድቅ አልሆኑም። ጥቁሮችን በቤተ ክርስቲያናቸው ተገኝተው ይቅርታ የጠየቁት በ1971 ዓ.ም. ነው።

አሁን ያስያዝኩዎትን ጥያቄዎች ያውጧቸው። በአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብ፣ ዕረፍትና ጤና ጥቂት አንቀጾች አሉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን የግል አገልግሎት ቅጥርን ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይታያል ብሎ ከአዋጁ ውጭ አደረገው። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ያንኑ ደገመ። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የምትሄደዋ ልጅ ግን አዋጅ ቁጥር 923/2008 አላት፤ የጽሑፍ ውል እንዲኖራት ይጠይቃል። እንግዲህ ከአንድ መንደር የተነሡ ሁለት እኅትማማቾች አንዷ ጅዳ፣ ሌላዋ ቦሌ ቢቀጠሩ ባለ አዋጇ የጅዳዋ ናት ማለት ነው።

ይህ ለጨፋ ሮቢት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ሰዉ ግን በዝቷል፤ ልጃገረዶቹ ወይ ወደ አዲስ አበባ ወይ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ልጃቸው ያኔ እንደተመለሰችና አሁን አዲስ አበባ ሰው ቤት እንደምትሠራ አጫወቱኝ። የትኛው ይሻላል አልኳቸው።

“እዚህ አገሯ ነው፤ ስትታመም እሰማለሁ። እዚያ ግን፣ ልጄ፣ ኮንትራት የሚሉት ወረቀት ነበራት። ማንበብ ባንችልም ነበራት። እዚህ የጠየቁን ተያዥ ብቻ ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ደላላው የሚያመጣት ልጅ ዕቃ ብታጎድል የምንይዘው ተያዥ እንጠይቃለን። እሷ ደመወዟ ቢጎድልባት የምትይዘው ግን የለም። እርስዎም የወር ደመወዝተኛ ነዎት፤ ከየት አምጥቼ ልጨምርላት ሊሉኝ ይችላሉ። ኑሮው ተወዷል፤ አልፈርድብዎትም። ግን እርስዎ መሥሪያ ቤትዎ የሚደርሱት እሷ ስላለች ነው። የዕረፍት ቀኗን ስም ጠርቶ መጻፍ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም፤ ደመወዟ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈላት መጻፍም እንዲሁ።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ዕረፍቷ፣ ስትታመም የሚደረግላት፣ ለመሰናበት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር ይግባበት። ሁለት ቅጂ አድርገው አንዱን ይስጧት። ማንበብ ካልቻለች እሷ የምታምነው ሰው ባለበት ያንብቡላት፤ ከጨፋ በኩል የመጣች ከሆነችና ኦሮምኛው የሚቀናት ከሆነ ያ ሰው በኦሮምኛ ያስረዳት።