ለተማሪዎቹ ጆሮ የሰጠው ድራመር

ሙያ ሊያስተምራችሁ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን አዙሮባችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አሥረኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት «ልጁ ሙያ ይልመድ» ተብዬ ሰፈራችን ካለ አንድ ቴፕና ቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምሳቸውን ሁሉ ያካፍሉኝ ነበር። ግን ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ «እስቲ ልጄ፣ ሻይ አምጣልኝ» ይሉኛል። ሻዩን ይዤ ስመለስ ቴፑ ተዘግቶ፣ ብሎኑ ታስሮ ይጠብቀኛል። ሁለት ወር ሙሉ ሻይ ማመላለስ ተምሬ ወጣሁ። (በሻይ በኩል ዛሬም ማንም አይደርስብኝም!)

ያንን ክረምት ሰሞኑን ያስታወሰኝ የአንድ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። በዚህ ገጽ ልማድ የሰው ስም አንጠራም። የእሱን ስም ግን እኛ ባንጠራውም የሮክ ኮንሰርት በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ አንብቦታል። ከጊታር ተጫዋቾቹ ጀርባ እንደ ግድግዳ በተደረደሩት ጥቁር ሳጥኖች ላይ በነጭ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው የእሱ ስም ነው። እኛ የጣሊያኑን ሞንታርቦ ስም ለትልቅ ስፒከር ሁሉ እንደሰጠነው፣ በሮክ ተጫዋቾች ዘንድም የዚህ ሰው ስም የዕቃ ስም ሆኖ ቀርቷል።

የተወለደው በ1923 ለንደን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሕፃንነቱ የአጥንት ቲቢ ያዘውና የልጅነት ዕድሜውን አብዛኛውን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ብብቱ በጀሶ ታሽጎ አሳለፈ። የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያሳድዱ እሱ ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ከጀሶው የወጣው አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የሚባለውንም በወራት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ታዲያ አባትየው የልጁ እግር ይጠንክር ብሎ ታፕ ዳንስ፣ ያንን በጫማ ወለል እየመቱ የሚጨፈረውን፣ አስገባው። እግሩ ምት ለመደ። ከምቱ ቀጥሎ ዘፈን መጣ፣ የሚዘፍንበት ባንድ ድራመር በ1942 ለጦርነቱ ሲጠራ ደግሞ በጤናው ምክንያት ከውትድርና የቀረው እሱ ድራሙን ያዘ።

ቀን ቀን የማሽን መሣሪያ በሚሠራበት ቤት ይለማመድ ነበር። ማታ ድራም እየመታ ሲዘፍን ድምፁ አልሰማ ስላለው የምህንድስና መጽሐፍ እያገላበጠ የራሱን ማጉያ ሠራ። በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን የለም። እናንተዬ፣ ድራሙንና ስፒከሩን ከብስክሌቱ ኋላ በታሰረ ጋሪ ጭኖ ነበር ሥራ የሚሄደው!

ከጦርነቱ በኋላ እሱም ገንዘብ ከፍሎ ድራም በወጉ ተማረ፤ ከዚያም አስተማሪ ሆነ። በ1950ዎቹ በሳምንት ስልሳ አምስት ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ከማስተማሩ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1960 በምዕራብ ለንደን፣ ሐንዌል በተባለ ሰፈር የድራም ሱቅ ከፈተ። ተማሪዎቹ ጊታር ተጫዋች ጓደኞቻቸውን እየጎተቱ ያመጡ ጀመር።

እነዚያ ልጆች ሮክ ስለሚጫወቱ ብቻ በመሐል ከተማው ትልልቅ ሱቆች እንደ ዱርዬ ነበር የሚታዩት። እሱ ቤት ግን ቁጭ ብለው ዕቃውን ይሞክራሉ፣ ያወራሉ፣ ያማርራሉ። ጊታርና ማጉያም ሽጥልን አሉት፤ እሺ አለ። ቀጥለው ደግሞ ገበያ ላይ ያለው ማጉያ የምንፈልገውን ድምፅ አይሰጠንም አሉት። ሰውየው ድራመር እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ አይደለም። ቢሆንም የሱቁን ጥገና ሠራተኛና ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የሆነ ተለማማጅ ይዞ ሥራውን ጀመረ። መነሻቸው የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ ቤዝማን የሚባል ማጉያ ነበር። እየሠሩ ለልጆቹ ያስሞክራሉ፤ ልጆቹ «አይደለም» ሲሉ ይፈታል፣ እንደገና ይሠራል። ስድስተኛው ላይ «ይኼ ነው» ተባለ። ዘመኑ 1962 ነው።

ምኑ ተለየ? የፊተኛው ቫልቭ፣ ማለት በውስጡ ክር የሚግልበት ያ የብርጭቆ አምፖል፣ የበለጠ የሚያጎላው ዓይነት ተደረገ። ፌንደር አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን ጀርባው በተከፈተ ሳጥን ያኖር ነበር፤ እነሱ አራት ባለ 12 ኢንች አድርገው ጀርባውን ደፈኑት። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ድምፁም ይሻክራል። ይህን ኢንጂነሮች ጉድለት ነው ይሉት ነበር። ልጆቹ ደግሞ የፈለጉት ያንኑ ሻካራውን ነው።

በ1965 ደግሞ የ«ዘ ሁ» ባንድ ጊታሪስት መጣና መቶ ዋት ማጉያ፣ ስምንት ስፒከር በአንድ ሳጥን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሰውየው ተሸካሚዎችህ አይችሉትም ብሎ መከረው። ጎረምሳው ደመወዝ ይከፈላቸው የለ እንዴ ብሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ ተሸካሚዎቹ ወገባችን ብለዋል! ሳጥኑ ለሁለት ተከፈለና አንዱ ባንዱ ላይ ተጫነ። ያ በየመድረኩ የምናየው ግድግዳ የመጣው እንግዲህ በተሸካሚ እሮሮ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ በ1966 ከአሜሪካ ለንደን ለመጣ አንድ ጥቁር ጊታሪስት ድራመር ሆነና እንግዳውን ወደ አስተማሪው ይዞት መጣ። ሰውየው በልቡ «ይኼም በነፃ ሊጠይቀኝ ነው» አለ። ጊታሪስቱ ግን ሙሉ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ የትም አገር ብሆን ዕቃው ሲበላሽብኝ የሚጠግንልኝ እንዳላጣ ብቻ አለ። የሚገርመው፣ የጊታሪስቱ የመጀመሪያና የመካከል ስም ከባለሱቁ ስምና የቤተሰብ ስም ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለማጉያው እንደዚያ ልጅ ያለ ማስታወቂያ የሠራለት የለም ብል አላጋነንኩም።

መልአክ አላደርገውም። በ1965 ለአሥራ አምስት ዓመት የሚያስር የማከፋፈያ ውል ፈርሞ ዕቃው በውጭ አገር ዋጋው ናረ፤ ኋላ ራሱም ተጸጽቶበታል። ሌላም አለ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ መበየጃ ይዞ የተቃጠለው ግን ያ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም።

እና ወላጆች፣ ልጃችሁን ሙያ ልታስለምዱ ስትወስዱ «ጌታው ጎበዝ ነው ወይ?» ብቻ አትበሉ። እስቲ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ፣ ዕቃው ሲከፈት ልጁ የት ይቆማል? የሚለውን እዩ። ባለሙያዎችም «ካሳየሁት ነገ ጎኔ ሱቅ ይከፍታል» የምትሉ፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ እንጀራ ነው። ግን የእንግሊዙን ሰው ሀብታም ያደረጉት እነዚያው ያስተማራቸውና ያዳመጣቸው ልጆች ናቸው።

ሰውየው ሚያዝያ ወር 2012 በሰማንያ ስምንት ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ በልጅነቱ ጀሶ ውስጥ ለተኛበት ሆስፒታል ብዙ ገንዘብ ሰጥቷል።

ባለፈው ሳምንት በዚያ የጥገና ቤት በር አለፍኩ። አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ጋሼ አርፈዋል። መሣሪያዎቻቸውስ፣ ካቻቢቴው፣ መበየጃው፣ ብዬ ጎረቤቱን ጠየቅኩ።

«የሚያውቅበት ሰው ስለጠፋ ቁራሌው ወሰደው» አለኝ።