አንድ ልጅ፣ ሦስት የልደት ቀን
በስደት አገር ከመስኮት ወደ መስኮት



እ.ኤ.አ. በ2017 ጅዳ ሳለን ትልቁን ልጃችንን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ተነሣን። በመጀመሪያው ቀን በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊ የልደት ማስረጃውን በዐረብኛ አስተርጉመን እንድናመጣ ነገረን። አስተረጎምን። በሳምንቱ ስንመለስ በዚያው መስኮት ሌላ ሰው ተቀምጧል። ትርጉሙን ገፋ አድርጎ፣ «ይህን ማን ጠየቃችሁ? ማኅተም ያረፈበትን ዋናውን አምጡ» አለን። ዋናውን ይዘን ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ሦስተኛው ጸሐፊ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ካየ በኋላ በትሕትና፣ «በዚህ ላይ ያለው ልጅና በዚያ ላይ ያለው ልጅ አንድ አይደሉም። ኢንሻአላህ ቡክራ» ብሎ ሸኘን።

ትምህርት ተጀመረ። የሰው ልጅ በማስተማር የኖርን ሰዎች የራሳችንን ልጅ ቤት አስቀምጠን፣ እርሱም በመስኮት ቦርሳ ያዘሉትን ሕፃናት እያየ «እኔስ መቼ ነው?» ይለን ጀመር።

ጥፋቱ የማን ነው?

በመጀመሪያ የተቆጣነው በጸሐፊዎቹ ነበር። ቁጣችንም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንድ መሥሪያ ቤት በሦስት ሰው አፍ ሦስት ሕግ ሲናገር ባለጉዳይ ምን ይይዛል? ነገር ግን ቁጣው በረድ ሲል ወረቀቶቻችንን በራሳችን ዓይን መረመርን፤ ሦስተኛው ሰው ትክክል ሆኖ አገኘነው።

ልጃችን የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ይህ በፈረንጆች ጃንዋሪ 7 ቀን 2011 ሲሆን ፓስፖርቱም እንዲሁ ይላል። የልደት ማስረጃውን የተረጎመው ሰው ግን ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ስለ ደመረ፣ ልጁ ኤፕሪል 29 ቀን 2011 ተወለደ። የክትባት ካርዱን የጻፈው ደግሞ 7 ደምሮ ኤፕሪል 29 ቀን 2010 አደረገው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን፣ ቀኑና ወሩም አብረው እንደሚለወጡ ልብ ያለ አልነበረም። እኛም ብንሆን ተቀብለን ስንወጣ አላነበብነውም።

የስም ነገር

የስሙ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በአገራችን ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም። ይህ ልማዳችን ከዲናችን ጋር የሚስማማ ነው፤ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ታዝዟልና። በባዕድ አገር ያለው ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አባት አሕመድ ሰዒድ ዩሱፍ፣ እናት ዘይነብ ኑሩ ዓሊ፣ ልጅ ኢብራሂም አሕመድ ሰዒድ ቢባሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ዩሱፍ፣ ዓሊና ሰዒድ በሚል ሦስት የቤተሰብ ስም ይመዘገባሉ። አንዱ ጸሐፊ ይህን ተረድቶ ያልፋል፤ ሌላው «ልጁ የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃ አምጡ» ይላል።

አጻጻፉም አለ። ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንድ ቦታ መሐመድ፣ ሌላ ቦታ ሞሐመድ እየተባለ ይጻፋል። ወሎ ላይ ሁለቱንም «ሰይድ» እያልን የምንጠራቸው ሰዒድና ሰይድ በዐረብኛ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በአንዲት ፊደል የተነሣ ወንድም ከወንድሙ ይለያል።

ወረቀት ሲጎድል

አንድ ወረቀት ሲጎድል የሚከተለው ቀላል አይደለም። የሳውዲ ኢቃማ ለረጅም ዘመን በሂጅራ አቆጣጠር ሲታሰብ ኖሯል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ «ገና 11 ቀን አለኝ» ያለ ሰው ጊዜው አልፎበት ይገኝ ነበር። የአገሪቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የመንግሥት ጉዳዮች በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር እንዲሰሉ ወስኗል። በእጃችን ያለውን ካርድ በደንብ ማንበብ ግን ዛሬም የእኛ ፋንታ ነው። ደግሞም ኢቃማ የሚታደሰው በአሠሪው በኩል ነው። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ሕጉ ቢከለክልም በተግባር የሚይዙ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሠራተኞች አሠሪ የሚለውጡበትንና ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ያቀለለ ማሻሻያ ሥራ ላይ ሲውልም፣ እህቶቻችን በብዛት የተሰማሩበት የቤት ሠራተኝነት በውስጡ አልተካተተም።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የምሕረቱ ጊዜ ሲያበቃ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነዚያም መካከል በሕጋዊ ቪዛ ገብተው ኋላ ኢቃማቸው ሳይታደስ የቀረ ነበሩባቸው።

አቋራጩ መንገድ

በዚያ ሰሞን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ በአገሩ አጠራር ሙዐቂብ፣ ቀረበንና «ቀኑን እንደፈለጋችሁ የሚያደርግላችሁ ሰው አለኝ» አለን። እውነቱን እንናገር፤ ልባችን አመነታ። የልጅ ዕንባ ከባድ ነው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም መርገማቸውን ለተማሪዎቻችን ስንነግር የኖርን እኛው ነን። ደግሞስ በጉቦ የተገዛ ቀን አራተኛ የልደት ቀን እንጂ ምን ይሆናል?

ልባችንን ያረጋጋው የሁደይቢያ ታሪክ ነው። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ከቁረይሽ ጋር ውል ሲጻፍ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዳይጻፍ ተከራከረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በምትኩ ሙሐመድ የዐብደላህ ልጅ ተብሎ እንዲጻፍ ፈቀዱ። የተጻፈው እውነት ነበር፤ ማዕረጋቸውም በወረቀቱ አልጎደለም። ሰብር ማለት ይህ ነው፤ ክብርን ሳይጥሉ፣ ሐሰትም ሳይጽፉ ጉዳይን ዳር ማድረስ። እኛም አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ልከን የልደት ማስረጃውን ትርጉም አሳረምን፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጥን። ልጃችን አንድ መንፈቅ ዘግይቶ ገባ።

ምን እናድርግ?

ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ሲሆን፣ የሚያዝዘውም ብድር በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ቤታችን ብናስገባው መልካም ነው።

አንደኛ፣ ማንኛውንም ሰነድ ከመስኮቱ ሳንርቅ ፊደል በፊደል እናንብብ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በየቢሮው የተባልነውን ከነቀኑና ከነመስኮቱ ቁጥር በደብተር እንጻፍ። ቢቻል መመሪያው በጽሑፍ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቅ። «ትናንት እንዲህ ብላችሁኛል» ከማለት ወረቀት ማሳየት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በአገራችን የጋብቻና የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ብዙ ባለትዳሮች ከኒካሕ ወረቀት በቀር ሌላ የላቸውም። ጉዞ ከማሰብ በፊት ትዳርን ማስመዝገብ ይገባል።

አራተኛ፣ የሁሉንም ቅጂ አገር ቤት ለታመነ ሰው እንተው።

ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር ነግረውታል። ጸሐፊውን መለወጥ በእጃችን አይደለም፤ ወረቀታችንን አንድ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። የቀረው የአላህ (ሱ.ወ.) ነው።

በየባዕዱ አገር በየመስኮቱ የቆሙ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን አላህ ጉዳያቸውን ያግራላቸው። አሚን።