የቀበሌ ቤትና የዕጣ ቤት በጎንደር

የጎንደር ስም ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ከግንቡ ቅጥር ወጣ ሲሉ ግን በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ፣ ተጠጋግተው የቆሙ ቤቶች ይገኛሉ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነው የከተማው ነዋሪ በብዛት ያለው በእነዚህ ነው። እንዴት በዚያ ሊኖር እንደቻለና የተሻለ ቤት እንዲያገኝ የወጡት ዕቅዶች ለምን እንዳልደረሱት በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩ ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ ለድኻው ተከራይ ታላቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ዝቅ እንዳለ ስለቆየ ገንዘቡ የአንዱን ቤት ጣራ እንኳ በወጉ የሚያሳድስ አልሆነም። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ባለመሆኑ ያለ ፈቃድ አፍርሶ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ፣ ግድግዳው ዘሞ ይኖራል። ቢሆንም የሚለቀው የለም፤ የሚሄድበት የለውምና።

በሌላ በኩል ሕዝቡ በዛ። በ1987ቱ ቆጠራ 112,249 የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1999ኙ 207,044 ደረሰ። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደምቢያ ለሥራና ለትምህርት የሚመጣው ሰው ቤት ሲያጣ በተከራዩ ላይ ደባል ሆኖ ይገባል። አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት ቤተሰብ ያድርበታል።

በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ጎንደርም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የተመዘገበው ሰው ዕጣ ይጠብቃል፤ ከቤቶቹ 30 በመቶ ለሴቶች ይጠበቃል፤ በ20/80 መንገድ ባለዕጣው 20 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን ባንክ አበድሮት በየወሩ ይመልሳል። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ችግሩ ግን ከዚሁ ከ20 በመቶው ላይ ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል የቤቱ ዋጋ 100,000 ብር ቢሆን 20,000 ብር በእጅ መኖር አለበት። ጠላ ጠምቃ ልጆች የምታሳድግ እናት ይህን ያህል ከየት ታመጣለች? ከዕቁብና ከዘመድ ለቃቅማ ብትከፍል እንኳ የወሩ ዕዳ ይከተላታል። ቤቱን በአምስት ዓመት ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ ማከራየት ግን ይቻላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለዕጣዎች ቤቱን ደኅና ደመወዝ ላለው አከራይተው ራሳቸው ወደ ርካሽ ቤት ተመለሱ። ደግሞስ በፎቅ ላይ የጠላ ጋን የት ይቀመጣል? በጭስ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ብቅል የሚሰጣበት ግቢ ለእንዲህ ያለች እናት የሥራ ቦታዋ መሆኑን ዕቅድ አውጪዎች በቂ ትኩረት የሰጡት አይመስለኝም። በክልል ከተሞች ፕሮግራሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቋረጥ አንዱ ምክንያት የመክፈል አቅም ማነስ ነበር።

የቤት ማኅበራትም አሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ማኅበራት ያለ ጨረታ በምደባ ቦታ እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን አባላቱ አስቀድመው በባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ ስላለባቸው ዕድሉ በይበልጥ የሚያገለግለው መምህሩንና የመንግሥት ሠራተኛውን ነው። የቀን ሠራተኛው ከደጅ ቀርቶ በከተማው ዳር በሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፤ እርሱም አንድ ቀን ይፈርስበታል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ለተከራይ መልካም ነገር ነው። ደባሉ ግን በእጁ የያዘው ወረቀት የለውም፤ የተስማማውም በቃል ነው።

እንደ እኔ አስተያየት ለዝቅተኛው ነዋሪ ቅርቡ ነገር አሁን ያለበት የቀበሌ ቤት ነው። ተከራዩ በራሱ ጉልበት ግድግዳውን እንዲያቆም የጽሑፍ ፈቃድ ቢሰጠው፣ ቢያድሰው እንደማይወሰድበት ቢረጋገጥለት፣ በየግቢው መጸዳጃና የውኃ ቧንቧ ቢገባ ወጪው ከአንድ ፎቅ ሕንፃ ያነሰ ነው። ጭቃውን ማቡካት፣ ጭዱን ማምጣት፣ ማገሩን መማገር ጎረቤቱ በደቦ ይችለዋል። የሚቸግረው ቆርቆሮውና ምስማሩ ነው።